የኔታ በእኔ ጥፋት የገቡት ሱባኤ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይያዛል። "ስለ ኮምፒውተር ነው፤ አይገባቸውም" እያልኩ ራሴን እሸነግላለሁ። ይገባቸዋል፤ ኃጢአቱ ውሸት ነውና።

የኔታ በቤተ ልሔም ገዳም ድጓ ያስተማሩኝ መምህሬ ነበሩ። ትምህርቱን አቋርጬ አርብ ገበያ ከተማ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ስከፍት እንኳ አልተቀየሙኝም። ጤናቸው ሲታወክ ዜማቸውን ልቅዳ ብዬ ለመንኳቸው። "ውዳሴ ከንቱ እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ ልጄ" ብለው ብዙ አመነቱ። ያግባባኋቸው እኔ ነኝ። በጋውን ሙሉ እየተመላለስኩ በስልኬ ቀዳሁ።

ቅጂውን በሱቄ ኮምፒውተር በኩል፣ በኢንተርኔት ወደሚገባበት የኪራይ ሰርቨር አሻገርኩት። ሰርቨሩን ያዘጋጀልኝ ጓደኛዬ አስጠንቅቆኝ ነበር፦ "መግቢያው ይህ የቁልፍ ፋይል ብቻ ይሁን፤ ከኮምፒውተርህም አይውጣ። በይለፍ ቃል እንዳትከፍተው። ቀኑን ሙሉ በር የሚሞክሩ ሌቦች አሉ።"

እሺ አልኩት። ግን መብራት ሲጠፋ ሱቄ ይጨልማል፤ ጄኔሬተር ካለው ጎረቤቴ ኮምፒውተር ልግባ ስል ቁልፉ እዚያ የለም። ሰለቸኝ። በይለፍ ቃል እንዲከፈት አደረግሁት። እንዳልረሳውም ብዬ ከአንድ እስከ ስምንት ያሉትን ቁጥሮች በተራ ደረደርኩ። እኔ፣ የአገሩ የኮምፒውተር አዋቂ! ስልኬ ሲሞላብኝ ደግሞ ሰርቨሩን ተማምኜ ከስልኬ ላይ ድምፁን አጠፋሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስገባ ሰርቨሩ ባዶ ነው። ማን ገብቶ እንደደመሰሰው እስከ ዛሬ አላውቅም። በሩን የከፈትኩለት ግን እኔ ነኝ።

ልነግራቸው ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን እያሰናዳሁ ነበር። ፊታቸው ስቀርብ፣ "የኔታ፣ ድምፁ ጠፋ፤ ምክንያቱ አልታወቀም" አልኳቸው።

አልታወቀም አልኩ!

 የኔታም፣ "ፈርቼው ነበር። ስሜ እንዲቀር ተመኘሁ፣ እግዚአብሔር ደመሰሰው። አንተ አትዘን ልጄ" አሉኝ። እኔን ያጽናኑኝ ጀመር።

"እኔ ነኝ" ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ለምን አላልኩም? ይቆጡኛል ብዬ? ተቆጥተውኝ አያውቁም። በተማሪዎቻቸው ፊት አዋቂ መባሌ እንዳይቀርብኝ ነው። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ።

የኔታ ሱባኤ ገቡ። በዚያ ሕመማቸው ላይ ጾሙ፣ ሰገዱ፤ ያልነበረባቸውን ትዕቢት ይቅር እንዲባሉ አለቀሱ። እንደገና ልቅዳ ብላቸው፣ "አንዴ ተነግሮኛል፤ ይበቃኛል" ብለው እምቢ አሉኝ። ሳይከርሙ ዐረፉ። ሲቀበሩ ከሁሉ ይልቅ ያለቀስኩት እኔ ነበርኩ፤ ሰዉ "ምን ያለ ታማኝ ልጅ ነው" አለ። ያንንም ዝም ብዬ ሰማሁ።

ዛሬ በወንበራቸው የተተኩት ደቀ መዝሙራቸው ማንም ድምፃቸውን እንዲቀዳ አይፈቅዱም። "የየኔታን እግዚአብሔር ደምስሶባቸዋል" ይላሉ። እሳቸውም እያረጁ ነው።

ስንፍናዬን ይቅር ብትሉኝ እንኳ ዝምታዬን ይቅር በሉኝ አልልም። የምለምናችሁ ሌላ ነው፤ ወደ ቤተ ልሔም የምትሄዱ ካላችሁ ለደቀ መዝሙራቸው ንገሩልኝ። የየኔታን ድምፅ ያስጠፋው እግዚአብሔር አልነበረም። እኔ ነኝ።