በግንድ ሳልደግፍ
የጉድጓድ ቁፋሮ ቡድን መካኒክ ሳለሁ፣ የምናድርበት አሮጌ የናፍጣ መኪና ዋጃ ከተማ አጠገብ በአራት የሃይድሮሊክ እግሮቹ ላይ ቆሞ ነበር። የአንዱ እግር ቱቦ ዘይት ያንጠባጥብ ነበር። በዕድሜ አባቴ የሚሆነው ሹፌራችን «መጀመሪያ በግንድ ደግፈው» አለኝ።

«ለአንድ ብሎን ነው፣ ጋሼ» ብዬ ከሥሩ ገባሁ።

ብሎኑን ላላ እንዳደረግሁት ዘይቱ ፊቴ ላይ ተረጨ፤ መኪናውም ቀስ እያለ ወደ ደረቴ መውረድ ጀመረ። ምግብ አብሳያችን መኪናው ውስጥ ነበረች።

ሹፌሩ «እንዳትነቃነቂ! ሰው ከሥር አለ!» ብሎ ጮኸባት።

«ያ አላህ!» ስትል ሰማሁ፤ አንድ እርምጃ እንኳ አልተራመደችም። እሱ ግንዱን እየገፋ አስገባና መኪናው ቀጥ አለ። ከዚያ እግሬን ይዞ ጎትቶ አወጣኝ።

አልተቆጣኝም። መፍቻውን ተቀብሎኝ «ና፣ አሁን አብረን እንፍታው» አለኝ።