የጀልባው ተጎታችና አበልጄ

ስሙን አልጽፍም። ላሊበላ ትንሽ ከተማ ናት፤ የሚያውቀው ያለ ስምም ያውቀዋል። እኔ ለመጀመሪያ ልጁ የክርስትና እናት ነኝ፤ ስለዚህ አበልጄ ነው። ልጁ ዛሬ ጢም አብቅሏል። አበልጅነቱም የዚያኑ ያህል አርጅቷል።

የቅሬያችን ዕቃ፣ ማለትም የለቅሶ ማኅበራችን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስትና የውኃ በርሜል፣ ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ በእኔ ግቢ ነበር የሚቀመጠው። ጠባቂ አድርጉኝ ብዬ አልለመንሁም። ግቢዬ ሰፊ ስለሆነ፣ እኔም ከቤት ስለማልርቅ ሰጡኝ። ከተሰጠኝ በኋላ ግን ወደድሁት። ባሏ የሞተባትን ሴት በር በደህና ቀን ብዙ ሰው አያንኳኳም። የቅሬ ዕቃ ያለበትን በር ግን ሁሉም ያንኳኳል።

ተጎታቹ ኋላ ነው የመጣው። ሐይቅ ላይ ጀልባ ይጫንበት የነበረ፣ ጀልባው ሲያረጅ የተሸጠ ባለ ሁለት ጎማ ነው። የቅሬው ዳኛ፣ ሰብሳቢያችን ማለት ነው፣ ከደሴ ሲመለስ አይቶ አስገዛን። የመጣ ዕለት ሰፈሩ ተሰብስቦ ሲስቅ ዋለ።

«ላስታ ላይ ጀልባ? ማንን ልታሻግሩበት ነው?» አለ አንዱ።

«አንተን፣ የዋና ትምህርትህን ስትጨርስ» አለው ዳኛው። ከዚያ ወዲህ ስሙ «ጀልባው» ሆኖ ቀረ።

ለጀልባ የተሠራ ስለሆነ ረዥም ነው። ከፊቱ ያለው የመጎተቻ ብረት እንደ ክንድ ወደ ጎን ካልታጠፈ የግቢዬ በር አይዘጋም። መጎተቻው በሁለት ፒን ነው የተያያዘው፤ አንዱ ተነቅሎ ይወጣል፣ ሌላው በቦታው ቀርቶ እንደ ማጠፊያ ያገለግላል። ማንም ሳያስተምረኝ እያየሁ ለመድሁት። ግራሶ እቀባው፣ ክረምት ሲገባ ላስቲክ አለብሰው ነበር።

በዚያ ዓመት አበልጄ ቤት ይሠራ ነበር። ሰኔ ላይ ዳኛውን አስፈቅዶ ተጎታቹን ለድንጋይ ማመላለሻ ወሰደው። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የመለሰው እሑድ ጠዋት፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን ሳለሁ ነው። ስመለስ መጎተቻው ታጥፎ፣ ላስቲኩን ለብሶ ቆሞ አገኘሁት። ማጠፊያው ላይ ግራሶ በወፍራሙ ተለድፎበታል። ድካሜን ቀነሰልኝ ብዬ መረቅሁት።

ሐምሌ ላይ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ዳር የሚኖሩ አንዲት እናት ዐረፉ። ዝናቡ አላባራ ብሏል። የቅሬው ወንዶች ፒክአፕ ይዘው መጡ፣ ድንኳኑን ተጎታቹ ላይ ጫንን፣ መጎተቻው ግን አልዘረጋ አለ። ተዘርግቶ ከመኪናው ጋር ካልተያያዘ የትም አይሄድም። ናፍታ አፈሰሱበት፣ በመዶሻ ደበደቡት፣ ክሪክ ደግፈው ገፉት። ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ድንኳኑን አውርደው በትከሻቸው ተሸክመው ዳገቱን ወጡ። እኔም ተከተልኋቸው፤ ስንደርስ ለቀስተኛው በስብሷል። የሟች ልጅ ስታየኝ ለቅሶዋን አቋረጠች።

«እትዬ፣ የእናቴን ለቅሶ ዝናብ ላይ ጣሉብኝ» አለችኝ።

ሰው ሁሉ ሰማ።

በሳምንቱ ቅሬው ተሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ «መጨረሻ የተጠቀመበት ማነው?» ብለው ጠየቁ። አበልጄ ተነሣ፣ ጋቢውን አስተካከለ።

«እንደ ወሰድሁት ነው የመለስሁት። ዝገት ነው። ብረት ዞር ብሎ የሚያየው ካላገኘ ይዝጋል» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ያዘነልኝ መስሎ። «አበልጄም ደክማለች፣ አይፈረድባትም። ዕቃው ሰው ካለበት ቤት ቢሆን ለእሷም ዕረፍት ነው።»

ሰው ካለበት ቤት። እኔ ያለሁበት ቤት ሰው የሌለበት ሆነ ማለት ነው። ዝም ያልሁት ስላመንሁት ነው። ያቀፍሁት ልጅ አባት በጉባኤ ቆሞ ይዋሽብኛል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ዝገቱን ሳላየው ቀርቼ ይሆናል አልሁ። ዕቃው ወደ እሱ አዲስ ግቢ እንዲሄድ ተወሰነ።

ድንኳኑና ወንበሩ በማግሥቱ ሄደ። ተጎታቹ ግን መጎተቻው ሳይዘረጋ ወደ እሱ ግቢ የሚወስደውን ዳገት አይወጣም፤ ስለዚህ እኔው ጋ ቀረ። አበልጄ መዶሻውን ይዞ፣ ሁልጊዜ ብቻውን፣ እየመጣ ይታገለው ጀመር።

«በያጅ ይጠራ እንጂ» እለዋለሁ።

«ለዚች? እኔው አላቅቃታለሁ፣ አትጨነቂ።»

ሻይ አፈላለት ነበር። ይህን ስጽፍ ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ያ ሻይ ነው።

ዳኛው መዘግየቱ ሲሰለቸው ከጋሸና በያጅ አስመጣ። በያጁ ጄኔሬተሩን አውርዶ ግቢዬን ቃኘና «ባሕሩን የት ደበቃችሁት?» አለ። ሳቅን። አበልጄ አልሳቀም። በያጁ ግራሶውን በጨርቅ ጠረገና ጎንበስ ብሎ አየ።

«መቁረጥ ነው ያለው» አለ።

«አትቁረጠው፣ አሙቀውና እንሞክር» አለው አበልጄ።

«አሙቄ ምን ላድርገው ጌታዬ? ላይና ታቹን ቀጥቅጣችሁ እንደ ምስማር ራስ አድርጋችሁታል። ማነው የቀጠቀጠው?»

በያጁ ጫፉን ቆረጠና ከሥር በመዶሻ መታው። የወጣው ብረት ድንጋዩ ላይ ወደቀ፤ ጎብጧል፣ ዙሪያውን ጎድን ጎድን አለው።

«ይኼ ፒን አይደለም፣ ፌሮ ነው» አለ በያጁ።

ፌሮ፣ ማለትም የኮንክሪት ብረት፣ መሆኑን ለማወቅ በያጅ መሆን አያስፈልግም። ቤት ሲሠራ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ ክረምት ደግሞ በሰፈራችን ቤት ይሠራ የነበረ አንድ ሰው ነው።

አበልጄ ፌሮውን ከድንጋዩ ላይ አነሣው። «ድንጋዩ ሲከብደው ፒኑ ጎበጠብኝ» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለዳኛው። «ሌላ እስኪገኝ ብዬ ነው ይኼን ያስገባሁት። ከዚያ ሰው ሞተ። በዚያ መሀል እንዴት ብዬ ልናገር?»

«በጉባኤውስ?» አልሁት።

«ተይኝ እስቲ አበልጄ» አለ።

በያጁ አዲስ ፒን ገጠመለት። መጎተቻው በአንድ እጅ ግፊት ተዘረጋ።

በማግሥቱ ዳኛው በሬ ላይ መጣ። «እትዬ፣ ዕቃው ይመለስልዎታል። ተሳስተናል» አለኝ በሹክሹክታ።

«ይህን የት ነው የምትናገሩት?»

«ምኑን?»

«ተሳስተናል ያልኸውን። ጥፋተኛ ያላችሁኝ በጉባኤ ነው፣ በር ላይ አይደለም።»

«እንዴ እትዬ፣ ሰውዬውን በሰው ፊት እናዋርደው? አበልጅዎ አይደለም እንዴ?»

«እኔን ስታዋርዱኝ የማን አበልጅ ነበርሁ?»

ከዚያ የንስሐ አባቴን ላከብኝ። አበልጄም አብሯቸው መጣ፣ ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ላይ ወደቀ። ይቅርታ አልጠየቀኝም አልልም፤ ጠይቋል፣ በግቢዬ ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ። ይቅር ብየዋለሁ ብዬ መስቀል ተሳለምሁ። ዕቃው ግን እውነቱ በጉባኤ ሳይነገር በሬን አልፎ አይገባም አልሁ። አባ አዘኑብኝ። «ልብዎ አልተፈታም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

በጉባኤ አልተነገረም። ዕቃው እስከ ዛሬ እሱ ጋ ነው። መዋጮዬን እከፍላለሁ፣ ለቅሶ እደርሳለሁ፣ ድንኳኑ ሥር እቀመጣለሁ። የዚያች እናት ልጅ ቅዳሜ ገበያ ላይ ስታየኝ አሁንም መንገድ ትቀይራለች። የነገራት የለም። እኔ ብነግራት ሰበብ መስሎ ይሰማታል። መናገር ያለበት እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ገበያ ላይ ሲያገኛት ሰላም ብሏት፣ ስለ ቤተሰቡ ተጠይቆ፣ መልሶ ያልፋል።