በአፍ የሚመረጥ ጎማ

ዛሬ ሶዶ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ገብቼ ለመኪናዬ የቫኪዩም ጎማ፣ ያቺን አየር የሚሳብባትን ቱቦ ስጠይቅ፣ የአዲሱ ጎማ ሽታ ገና አፍንጫዬ ሲደርስ ሳቄ መጣ።

ደርግ ወድቆ፣ በእሱ ዘመን ተዘግታ የነበረችው ቤተክርስቲያናችን በተከፈተች ሰሞን፣ እኛ ወጣት ዘማሪዎች ነጭ ለብሰን ቦዲቲ ለሰርግ ስንሄድ የሾፌራችን የጋሽ አንጁሎ አሮጌ ፒክአፕ መንገድ ላይ ይንዘፈዘፍ ጀመር።

"እስቲ ዝም በሉ፣ ልስማው!" አሉ ኮፈኑን ከፍተው። ዝም ስንል የሚያፏጭ ነገር ተሰማ፤ ከሞተሩ ወደ ፍሬኑ የሚሄደው የቫኪዩም ጎማ ተሰንጥቋል። ለስላሳ ጎማ ቆርጠው ቢተኩት፣ ሞተሩ አየር ሲስብበት ጎንና ጎኑ ተጣበቀ፤ ፍሬኑም አልታዘዝ አለ።

ይሄኔ ከመፍቻ ሳጥናቸው የጎማ ቁርጥራጮች አውጥተው አደሉን።

"አንዱን ጫፍ በጣት ድፈኑና በአፋችሁ ሳቡት። ጎማና ዘማሪ አንድ ነው፤ ትንፋሽ ሲሳብ ጉሮሮው ከተጣበቀ ምን ይሠራል?"

ሁላችንም መንገድ ዳር ቆመን ሳብን። ያልተጣበቀው የኔ ሆነ! ተገጠመ፣ ሄድን፣ ጎማው ባጠቆረው ከንፈር ዘመርን። ሙሽራዋ ሳቋን መያዝ አቅቷት ቬሏን ወደ ፊቷ ጎተተች።

ባለሱቁ ወጣት ጎማውን ሲሰጠኝ አንዱን ጫፍ ደፍኜ በአፌ ስስበው ጎኑ ተጣበቀ።

"እንዴ እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ይሄ አይዘምርም" አልኩት፤ "ሌላ አምጣ።"