ሰማያዊ ጥፍር ያላት ሴት

የዚያን ቅዳሜ ሰበታ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ካፊያ ይጥል ነበር። እኔ ቅቅል ድንች የምሸጠው ከተዘጋው የሥዕል ኮሌጅ በር አጠገብ ነው። ከተዘጋ አሥራ ሁለት ዓመቱ ቢሆንም የቀድሞ ተማሪዎቹ በዓመት አንድ ቀን እዚያ ይሰበሰባሉ። ሲገናኙ ከሰላምታው በፊት አንዱ የሌላውን ጥፍር ያያል፤ ቀለም ከተገኘበት "አልተውክም ማለት ነው!" እየተባለ ይሞገሳል።

ያን ዕለት ለስብሰባው ከመጡት አንዷ ሴት የእኔ እኩያ ትሆናለች። የሰፋ የወንድ ኮት ለብሳለች፤ ጫማዋ ጭቃ፣ ጥፍሯ ሰማያዊ ነው። በሩ ላይ የመጡትን ስም ወደሚመዘግበው ሰውዬ ሁለቴ ተጠግታ ሁለቴ ተመለሰች። በሦስተኛው ስሟን ነገረችው።

"ሲዘጋ ገና ሁለተኛ ዓመት ነበርሽ አይደል? መዝገቡ የተመራቂዎች ነው እኮ፣ እህቴ" አላት።

አንገቷን ደፋች። የድሮው ዘበኛ ኦቦ ጂሬኛ ከኋላ ጮኹ፦

"እሷ መች አቋረጠች? ግቢው ነው ጥሏት የሄደው! ጻፍ አንተ!"

ሁሉም ሳቁ፤ ሰውዬውም ጻፋት። ከዚያ እየተቀባበሉ አቀፏት።

ቀናሁባት። እኔ ከሰባተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። ትምህርት ቤቴ ዛሬም ክፍት ነው፤ አንድም ቀን ግን የት ደረስሽ ያለኝ የለም።

ድንች ልትገዛ ስትመጣ "መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ" አልኳት፤ ከክፋት ነው።

"አይለቅም፣ የኔ እመቤት" ብላ ሳቀችና ሥራዋን ነገረችኝ።

አሁን ቡራዩ ናት፤ የሱቅ ማስታወቂያ በቀለም ትጽፋለች። አልተወችም ማለት ነው።