የወረዱት ሁለት ፊደሎች

የእህቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው «አይወርድም» እያለ ነው። እኔ ግን ታላቄ ስለሆነ «ጋሼ» እለዋለሁ፤ ሲያናድደኝ ብቻ በቅጽል ስሙ እጠራዋለሁ፣ ማናደዱን ደግሞ ይችልበታል። ሥራው ታፔላ ነው። እሱ ከቆርቆሮ የእንግሊዝኛ ፊደል ይቆርጣል፣ እኔ ቀለም እቀባለሁ፣ ከዚያ መሰላል ተሸክመን ሄደን እንሰቅላለን።

ስሙ የወጣለት በአሠራሩ ነው። አንድ ሱቅ ተዘግቶ ሌላ ሲከፈት፣ ሌላው ታፔላ ሠሪ አሮጌውን ጠራርጎ ያወርዳል። እሱ አንጋጦ የድሮውን ቃልና የአዲሱን ያስተያያል። ሁለቱ የሚጋሩት ፊደል ካለ «አይወርድም!» ይላል፤ አይወርድም። የወረደውም ቢሆን ሥራ ፈቶ አይቀመጥም፣ በሳምንቱ ሌላ ደጃፍ ላይ ታገኙታላችሁ። አንዴ የዳቦ ቤት ታፔላ አወረድን፣ «ቤከሪ» የሚል። ከስድስቱ ፊደሎች በሦስቱ «ባር» ብሎ ለመጠጥ ቤት ሰቀለ፤ በቀሩት ሦስት ደግሞ «ኪይ» ብሎ ለቁልፍ ሠሪው። አንድ አልተረፈ፣ አንድ አልጎደለ። ያን ቀን ሲፍለቀለቅ ዋለ። እኔ «ስስት ነው» ስለው እሱ «ጥበብ ነው፣ አንቺ» ይለኛል።

አንድ ልጅ አላቸው። ልጁ ከአባቱ ጋር ቆርቆሮ ከመቁረጥ ይልቅ ሰው ማንሳት ወደደና፣ ከቤታቸው ፊት ለፊት መንገዱን ተሻግሮ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ፎቶ ቤት ከፈተ። ታፔላውን ራሱ ቆረጠ፤ ፒ፣ ኤች፣ ኦ፣ ቲ፣ ኦ። አባቱን አላስነካም። መጀመሪያ የቆረጣት ኦ ጠመመችበት፤ አንድ ጎኗ የተቀመጡበት ብርቱካን መሰለ። አውራ ጣቱንም ቆረጠው። እህቴ ጣቱን እያሰረችለት «በል፣ ይቺን መጨረሻ ላይ ስቀላት፣ ሰው እዚያ እስኪደርስ ይደክመዋል» አለችው። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እሱም መጨረሻ ላይ ሰቀላት።

ሥራው አልሄደለትም። ሰው ሁሉ በስልኩ ራሱን ማንሳት ጀመረ። ልጁ በሩን ቆልፎ ባሕር ተሻግሮ ሥራ ሊፈልግ ሄደ። አንድ ጊዜ ከወደብ ደውሎ «ነገ እንሳፈራለን፣ አታስቡ» አለ። ይኸው ሦስት ዓመት።

እህቴ እንግሊዝኛ ቀርቶ የራሷንም ፊደል አልቆጠረችም። ጠዋት ጠዋት ግን የወጥ ቤቱን መስኮት ትከፍትና አምስቱን ቀይ ፊደሎች ታያለች። «ታፔላው እስካለ ቤቱ የሱ ነው» ትላለች፣ «ሲመጣ በዚያ ያውቀዋል።» ጋሼ በልቡ ልጁን ቀብሮታል። አፉን ሞልቶ የሚነግራት ግን ማን ነው?

ዘንድሮ የክፍሉ ባለቤት ለስልክ ነጋዴ አከራየው። ነጋዴውም ታፔላ ሠሪ ሲፈልግ ወደኛው መጣ፤ «ፎን» የሚል ይፈልጋል። ጋሼ መንገዱ ዳር ቆሞ አንጋጠጠ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደሎች አንድ ናቸው።

«ሦስቱ አይወርዱም» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለቱን ብቻ በኤንና በኢ እንቀይርና ያንኑ ቀይ እንቀባለን። አምስት ነበሩ፣ አምስት ይሆናሉ። አታውቅም።»

«ጋሼ፣ ብንነግራትስ?»

«ወሽመጧን ልቁረጠው?»

እህቴ ገበያ ስትወጣ ጠብቀን ሄድን፣ እኔ መሰላሉን ያዝኩ፣ ሰዓት ሳይሞላ ጨረስን። ተመልሳ መጣች፣ መስኮቱ ጋ ቆመች፣ ከዚያ ሽንኩርቷን መክተፍ ያዘች። ጋሼ ጠቀሰኝ። እኔም፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ አለኝ።

በዚያው ሳምንት አንድ ባለ ሆቴል መጣ። አረንጓዴ ታፔላ ይፈልጋል፤ «ሆቴል» ደግሞ ቲም ኦም አለው። ሁለቱ እጃችን ላይ ናቸው። ጋሼ ጠማማዋን አገላብጦ አያት። ጠማማ ሥራ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። ብረቱ ላይ አስተኝቶ ቀጠቀጣት፣ እኔም ቀለም ቀባኋት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ምሳ ላይ እህቴ «ያወረዳችኋቸውን ሁለቱን ስጡኝ» አለች።

«የምን ሁለት?» አለ ጋሼ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«አንተ ሰውዬ፣ ማንበብ ባልችል ልጄን አላውቅም? ጠማማዋ የለችም። ያኑ ዕለት ነው ያየሁት። ራስህ ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅሁህ።» ወደኔ ዞረች። «አንቺንም።» እንደገና ወደሱ። «ተስፋ ቆርጠሃል። ይሁን፣ አልፈርድብህም። እሷን ብቻ ስጠኝ፣ ከራስጌዬ ላኑራት።»

ሆቴሉ ላይ እንደሰቀላት ነገራት። ሻርፗን ጣል አድርጋ ወጣች፣ እኛም ተከተልናት። ሆቴሉ ደጃፍ ቆመን አንጋጠጥን፤ ሦስታችንም።

«የቷ ናት?»

«ከግራ ሁለተኛዋ።»

አረንጓዴ ናት፣ እንደ ሳህን ክብ። እህቴ ብዙ አየቻት።

«እሷ አይደለችም» አለች።

«እሷ ናት።»

«ጠማማ ነበረች እኮ።»

«አቃናኋት» አለ ጋሼ።

አላለቀሰችም፣ አልረገመችውም። «አቃናሃት» ብላ ብቻ ወደ ቤት ዞረች። እሱ እዚያው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ። ሰው እያየው ያልፋል።

የወጥ ቤቱ መስኮት ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም። እህቴ በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርታ ታበስላለች። ጋሼ አሁን ታፔላ ሲቀይር የጋራውንም የጋራ ያልሆነውንም ጠራርጎ ያወርዳል፤ ሰው ግን ዛሬም «አይወርድም» ይለዋል። ምሳ ሰዓት ላይ ከቆርቆሮ ኦ ይቆርጣል፣ አንድ ጎኗን ይጫናታል፣ ያያታል፣ ይጥላታል። ቅርጫቱ ሞልቷል። አንዷም አልመሰለችም።

እኔም ከሱ አልሻልም። ያን ቀን ጠማማዋን ከሳጥን አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። የልጁን እጅ አውቄው ነበር። «መዶሻውን አቀብዪኝ» ሲለኝ አቀበልኩት።