የሀብተ ሚካኤል እጅ

ባሌ ሀብተ ሚካኤል ቁም ጸሐፊ ነበር። የዛሬ ልጆች ምን እንደሆነ ስለማያውቁት ልንገራችሁ፤ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ በመቃ ብዕር ዳዊቱንና ገድሉን ለቤተ ክርስቲያን የሚጽፍ ሰው ነው። ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ላይ እስከ ቡይት ራስ ባሉት ደብሮች የእሱ እጅ ያላረፈበት መጽሐፍ ማግኘት ያስቸግር ነበር። እኔ ባሌን የማሞገስ አመል የለኝም፤ ሲያናድደኝ የኖረ ሰው ነው። ይኸን ግን ጠላትም አይክደው።

የሚያናድደኝ ምኑ መሰላችሁ? ቀስታው! አንዷን ፊደል ሦስት አራት ጊዜ ብዕሩን አንሥቶ፣ አሳርፎ፣ እንደገና አንሥቶ ነው የሚያቆማት። ብራናውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጧት ይቀመጣል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግማሽ ገጽ ጽፎ ይነሣል። አንድ ዳዊት ስምንት ወር ይፈጅበታል። «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ትንሽ ፈጠን በል» ስለው «ፊደል ይሰበራል» ይለኛል። በዚያው አለቀ፤ ሌላ መልስ የለውም።

እንዲያም ሆኖ በልተን አድረናል። ዳዊት የሚያጽፍ ባለ ርስት ነበር፣ ገድል የሚያጽፍ ደብር ነበር። አብዮቱ ሲመጣ የደብሩ መሬት ተወረሰ፣ ባለ ርስቶቹም አንዱ ሸሸ፣ አንዱ ታሰረ። የቀረው ምእመን ደግሞ ከጎንደር የታተመ ዳዊት ገዝቶ መምጣት ጀመረ። በስድሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት አንድ ድርሳን ጽፎ አስረከበ፤ ከዚያ ወዲህ ደጃችንን ያንኳኳ ሰው የለም። ደባርቅ ገበያ ላይ ነጭ ሽንኩርትና ድንች እየቸረቸርሁ ሦስት ልጆችና አንድ ጸሐፊ የማስተዳድረው እኔ ሆንሁ።

የሰፈራችን ወንዶች ሲቸግራቸው ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ይወርዳሉ። ጎረቤታችን አይቸው በየዓመቱ ይወርዳል፤ እሱ ግን ግንድ የሚያህል ሰው ነው። የኔው ደረቱ ደካማ ነው፤ የደባርቅ ብርድ እንኳ ሳያስለው አይከርምም። ወባው ቢይዘው በሦስተኛው ቀን እንደሚቀብሩት ልቤ ያውቀዋል። ስለዚህ ሥራ ፈልግ አልሁት። ጽሕፈት የሚሠራበት፣ ቁጭ የሚባልበት ሥራ ፈልግ።

ፈለገ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፈለገ። ዳባት አንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ያዥ ይፈልጋል ሲሉት በእግሩ ሄደ። «ስንተኛ ክፍል ጨርሰዋል?» አሉት። እሱም ንባቡን፣ ዜማውን፣ ቅኔውን፣ ከማን ዘንድ እንደተማረ ሳይቀር ዘረዘረላቸው። «ክፍሉን ነው የጠየቅንዎ» አሉት። ክፍል የለውም። ወደ ኅብረት ሱቅ ሄደ፣ ማስረጃ አምጣ። ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሄደ፣ ማስረጃ አምጣ። አንዱ ቢሮ ደግሞ አንዲት ልጅ የጽሕፈት መኪና ስትደበድብ አሳዩትና «አንተስ በቀን ስንት ገጽ ትጽፋለህ?» አሉት። «ብርሃኑ ጥሩ ከሆነ ግማሽ» አለ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ።

ቤት ገብቶ ራሱ ነው የነገረኝ። «ሳቁ» አለኝ ግራ ገብቶት። «ብዙ መስሏቸው ይሆን?»

እኔ ደግሞ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። የደከመ እግሩን አጠብሁለት።

በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ክረምት ላይ አንድ መሥሪያ ቤት ደባርቅ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። አንድ የመዝገብ ቤት ረዳት፣ አንድ ተላላኪና ጽዳት። ለሁለቱም ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ማስረጃ ያለው፣ እስከ መስከረም ዘጠኝ ያመልክት ይላል። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ይበቃል ወይ ብዬ ዘበኛውን ጠየቅሁ። ገብቶ ጠይቆ «ይበቃል» አለኝ። እየሮጥሁ ቤት ገባሁ። መሠረተ ትምህርቱ በቀበሌያችን አዳራሽ ሊጀመር ነው፣ ክረምቱን ተምረህ ጳጉሜን ላይ ትፈተናለህ፣ ወረቀቱን ትይዛለህ፣ መዝገብ ቤት ትገባለህ! ጎንበስ ብሎ አሰበ። «እኔ ፊደል ልማር?» አለኝ። «ወረቀቱን ነው እንጂ ፊደሉን ማን አለህ! እኔም አብሬህ እመዘገባለሁ» አልሁት።

ለመመዝገብ ስንሄድ የቀበሌው ሰው ቀና እንኳ ሳይል «መሃይም ናቸው?» አለ። ሀብተ ሚካኤል ዞሮ አየኝ። እኔ ክንዱን ቆነጠጥሁት። «አዎ» አለ፣ ድምፁን እስከማይሰማ ድረስ ዝቅ አድርጎ። ያን ቀን ያን ቃል ከአፉ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ኃጢአቱም የኔ ነው።

አስተማሪያችን ድረስ ይባላል፤ ጎንደር ዐሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ጨዋ ልጅ። በመጀመሪያው ቀን ሁላችንም «ሀ»ን ስንቧጭር እሱ እየዞረ ሲያይ ባሌ ዘንድ ደርሶ ቆመ። ደብተሩን አነሣው። ብዙ ጊዜ አየው። «ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አለው በሹክሹክታ። «ወረቀት ፈልጌ ነው ልጄ» አለው። ድረስ ደብተሩን ቀስ አድርጎ መለሰለት፤ ለማንም አልተናገረም።

እኔ ግን የምር ተማርሁ። ዐሥራ አራት ዓመት ከጸሐፊ ጋር ኖሬ አንዲት ፊደል አላውቅም ነበር እኮ፤ መቼ ጊዜ ነበረኝ? አሁን ክፍል ውስጥ እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ «እግሯን ወደ ግራ፣ ይቺን ቀለበቷን ከላይ» እያለ ያሳየኛል። አንድም ቀን አልተቆጣኝም። ሐምሌ ሳያልቅ የቀበሌውን ማስታወቂያ ራሴ ማንበብ ጀመርሁ፤ ደስታዬን አልደብቃችሁም፣ በየመንገዱ ያገኘሁትን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብዬ ሳነብ እብድ ብለውኛል።

አንድ ነገር ግን አስጨንቆኛል። ፈተናው በሰዓት ነው። ድረስ ባሌን ለብቻው ጠርቶ «ጋሼ፣ እርስዎ የሚፈሩት ነገር የለም፤ ብቻ ፈጠን ይበሉ። ፈታኞቹ ከሌላ ቦታ ነው የሚመጡት፣ እኔ አልገባም» አለው። ቤት ስንገባ እኔ እያነበብሁለት እንዲጽፍ አደረግሁ። እስክሪብቶውን እንደ መቃ ብዕር ይዞ፣ በየቃሉ መካከል ቀለም ሊነክር እጁን ወደ ጎን ይልካል፤ ቀለም የለ፣ ምን የለ! «ቶሎ በል! ጫር ጫር አድርገው!» እያልሁ እጮሃለሁ። ይሞክራል። አንድ መስመር ጫር ጫር አድርጎ ጻፈና አየው። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፎ ምድጃ ውስጥ ከተተው። «ይህን ሰው ቢያየውስ?» አለኝ። «አንተ፣ የሚያየውማ ፈታኙ ነው!» አልሁት። ቃል ገባልኝ። እፈጥናለሁ ብሎ በሚካኤል ስም ቃል ገባልኝ።

ጳጉሜን በገባ በሦስተኛው ቀን ተፈተንን። መጀመሪያ ንባብ ነበር፤ ተራው ሲደርስ እንደ ውኃ አወረደው፣ ፈታኞቹም ተያዩ። ቀጥሎ የቃል ጽሕፈት መጣ። ፈታኙ ዓረፍተ ነገር ያነባል፣ እኛ እንጽፋለን። እኔ ከፊቱ ሁለተኛ ወንበር ነኝ። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ስጨርስ ሰርቄ ዞር አልሁ። ጎንበስ ብሏል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ሲጽፍ እንዲያ ነው አመሉ። ሦስተኛው ተነበበ፤ ዞር አልሁ፤ እዚያው ነው። ቀና አላለም። ሰውዬው የሚያነበውን እየሰማም አልነበረም። «ሀብተ ሚካኤል!» ብዬ ልጮህ ቃጣኝ፣ ፈታኙ ግን አፍጥጦብኛል። ሒሳቡ ተከተለ፣ እኔ ጣቴን እየቆጠርሁ ሠራሁ። ደወል ተደወለ። ወረቀታችንን ሲሰበስቡ የእሱን አየሁት። ከገጹ ራስ ላይ አራት ቃል አለች። ከአራት ቃል በታች ባዶ ነው። ግን እነዚያ አራት ቃላት፣ እመብርሃንን፣ ወንጌል ውስጥ ቢገቡ አያፍሩም ነበር።

«ምን ነካህ?» አልሁት ውጭ ወጥተን። ደሜ ፈልቷል።

«ጀመርሁታ» አለኝ። «ከጀመርሁት በኋላ እንዴት ላበላሸው?»

ውጤቱ በዘመን መለወጫ ማግስት አዳራሹ በር ላይ ተለጠፈ። ገበያነሽ፣ እኔ ማለት ነው፣ ሰባ አንድ፣ አልፋለች። ሀብተ ሚካኤል ሃያ አራት፣ አላለፈም። ሰው ተሰብስቦ ያያል፤ ለሱ ያነበብሁለት እኔ ነኝ፣ መነጽሩ ቤት ቀርቶ። ድረስን ይዤ ጮኽሁበት። «ይሄን ሰው መጻፍ አይችልም የምትሉ እናንተ ማናችሁ?» ምስኪኑ ልጅ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «እትዬ፣ ነግሬያቸዋለሁ፤ ያልተጻፈውን ምን ብለን እናርመው አሉኝ። የሚቀጥለው ዙር ፈተና ይጠብቅ» አለኝ። የሚቀጥለው ዙር ከስድስት ወር በኋላ ነው። ማስታወቂያው የሚዘጋው በሳምንቱ። ልጁን መሳደቤ ዛሬም ይቆጨኛል።

በዚያው ሰሞን ሀብተ ሚካኤል ከአይቸው ጋር ተነጋገረ። እሑድ ሁመራ ሊወርድ ነው። ብርድ ልብሱን ሲጠቀልል አየሁና እጁን ያዝሁት። «ቆይ» አልሁት። «የተላላኪነቱ ቦታ አለ። እኔ ወረቀቱ አለኝ። እኔ ልግባ።»

ጥቅልሉን አስቀመጠ። ቅር አለው? እኔ እንጃ፤ ፊቱ ላይ አላገኘሁትም። «ማመልከቻ ያስፈልጋል» አለ። ራሴ ልጽፍ ነበር፤ እችላለሁ እኮ አሁን። እሱ ግን «ለኔ ስጭኝ» አለኝ። ከኅብረት ሱቅ የገዛሁትን ነጭ ወረቀት ጉልበቱ ላይ፣ በድሮው ብራና መወጠሪያ ሳንቃ ላይ ዘረጋ። አንድ ቀን ተኩል ጻፈ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጠን በል አላልሁትም።

ዐርብ ጧት ይዤው ሄድሁ። የአስተዳደር ኃላፊው ጓድ ጀምበሩ ምስክር ወረቀቴን አይቶ ወደ ጎን አደረገና ማመልከቻውን ማንበብ ጀመረ። ገና ሳይጨርስ ተነሥቶ ከጎኑ ካለው ክፍል ሌላ ሰው ጠራ። «ና እስቲ ይህን እይ።» ሁለቱም ወረቀቱን በብርሃን አድርገው አዩት፤ የተጠራውም ሰው በጣቱ ፊደሉን ሊነካው ፈልጎ ተወው።

«የማን እጅ ነው?» አለኝ ጀምበሩ።

«የባሌ።»

«ምን ሥራ ላይ ነው?»

«ሥራ የለውም።»

«እንዴት! እንዲህ ያለ እጅ ይዞ? የመዝገብ ቤቱ ቦታ እኮ ገና አልተያዘም፤ ነገ ይምጣ!» ልነግረው ወደ ቤት ልሮጥ ዞርሁ። «ማስረጃውን ይዞ» ብሎ ጨመረበት። «አብሮኝ ነው የተፈተነው» አልሁ። ስሙን ጠየቀኝ፣ ነገርሁት። ከመሳቢያው ቀበሌው የላከለትን የፈተናውን ውጤት ዝርዝር አወጣ። ጣቱ ወረደ፣ ወረደና ቆመ።

«ይህ ሌላ ሀብተ ሚካኤል ይሆናል» አለ።

«የለም፣ እሱ ነው።»

«መጻፍ አይችልም ነው እኮ የሚለው።»

ያን ጊዜ የያዝሁት ሁሉ ገነፈለ። «ጓድ ጀምበሩ፣ መጻፍ አይችልም የሚለው በቀኝ እጅዎ ነው፤ የጻፈው ደግሞ በግራ እጅዎ ነው። ሁለቱንም ይዘው እኔን ይጠይቁኛል?» አልሁት።  ሁለቱን ወረቀቶች ተራ በተራ አያቸው። ክፉ ሰው አልነበረም።

«መመሪያ ነው እኅቴ» አለ በመጨረሻ። «ነገ እኔን ነው የሚጠይቁኝ።» ዝርዝሩን ወደ መሳቢያው መለሰና ቆለፈው። «አንቺ ግን ሰኞ ጀምሪ።»

ሥራችሁን ለራሳችሁ አድርጉት ብዬ ልወጣ ነበር። እውነቴን ነው፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ እሑድ ትዝ አለኝ፤ ሁመራ፣ ያ የተጠቀለለው ብርድ ልብስ። «እሺ» አልሁ። ፈርሜ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«ምን አሉ?»

«ሰኞ ጀምሪ አሉ። ሁመራ የለም፤ ለአይቸው ንገረው።»

«ተመስገን» አለ። ከልቡ ነው ያለው። ገብተን ተቀመጥን፤ ነጠላዬን አወረድሁ። እንደ ማፈር ብሎ «ስለ ጽሕፈቱስ ያሉት ነገር የለም?» አለኝ።

ስለ ዝርዝሩ፣ ስለ መሳቢያው አልነገርሁትም። «ተገርመው ሞቱ» አልሁት። «ኃላፊው ከሌላ ክፍል ሰው ጠርቶ አሳየው። የማን እጅ ነው ብለው ጠየቁኝ።»

ፊቱ በራ። ያን የመሰለ ፊቱን ካየሁት ዓመታት አልፈው ነበር።

«ቀስ ብዬ ስለ ጻፍሁት እኮ ነው» አለኝ።

«አዎ» አልሁት።