የቡርቃ ጃቶ ኩይሳ

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ሲፈን ፌስታል አቅፋ መጣች። ነቀምቴ ላይ ዝናቡ ገና መግባቱ ነው፤ ጫማዋ ቀይ ጭቃ ተሸክሟል። «አዳዳ፣ እዪልኝ! የአኳሪየም አፈር ነው። ከአዲስ አበባ አስልኬ!» አለችኝ። በአባቷ በኩል አክስቷ ስለሆንኩ አዳዳ ነው የምትለኝ። ከፍቼ አየሁት፤ የፍየል በጠጥ የመሰለ ጥቁር ነገር። ወይ ጉድ! አፈር ላይ ቆማ አፈር ታስመጣለች። ልስቅ ነበር፣ ግን ንዴት ቀደመኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያልበረደልኝ ንዴት ነው።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የባዮሎጂ አስተማሪያችን ቲቸር ታረቀኝ ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። ከመስኮት መስታወት በእጃቸው የዓሣ ሣጥን ሠርተው ቤተ ሙከራው ውስጥ አስቀመጡ። ዳይሬክተራችን ደግሞ ንጹሕ ነገር ይወዳሉ፤ ከታች ነጭ የእብነ በረድ ጠጠር ካልተነጠፈ አሉ። እንግዲህ የውሃው ሣር ነጭ ድንጋይ ይብላ? ከረግረግ ያመጣነው የውሃ ተክል ሁለት ጊዜ በሰበሰ፣ ዓሣዎቹም ተከትለው ሞቱ። ዳይሬክተሩ «ለሦስተኛ ጊዜ ከሞተ ሣጥኑ የዋንጫ ማስቀመጫ ይሆናል» ብለው ወሰኑ።

እኔ ያን ሣጥን እንደ ነፍሴ ነበር የምወደው። በእረፍት ሰዓት ሌላው ማንጎ ሲያወርድ እኔ መስታወቱ ላይ ተለጥፌ እውላለሁ። የባዮሎጂ ክበብ ጸሐፊ ስለነበርኩ የቤተ ሙከራው ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ዋንጫ ሲገባበት ቆሜ ላይ? በሕይወቴ አይሆንም!

የዚያን ሰሞን ሰፈራችን ቡርቃ ጃቶ ውስጥ የጎረቤታችን የኦቦ ገለታ በቆሎ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጓሯቸው መሐል አንድ ቦታ ላይ ብቻ በቆሎው ጠቁሮ፣ ከሌላው በክንድ በልጦ ቆሟል። ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እዚያ ላይ ኩይሳ ነበር፤ አፍርሼው ነው የዘራሁት» አሉኝ። «ምስጥ ደህናውን አፈር ከሥር ነው የሚያወጣው። ደግሞ ይጣበቃል፣ ውሃ ቶሎ አያፈርሰውም።»

ምስጥ ማለት እኮ የቤታችንን ምሰሶ ሁለቴ በልቶ እናቴን ያስለቀሰ ጠላት ነው! በማግስቱ ከሰፈሩ ዳር የቆፈርኩትን ግማሽ ጆንያ ኩይሳ ለዓሣው ሣጥን ተሸክሜ ስወጣ እናቴ «ቤቴን መብላቱ አንሶ አፈሩን አዝለሽለት ትዞሪያለሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። አልመለስኩም።

ቲቸር ታረቀኝ አመነቱ፣ አመነቱና «ከላይ የወንዝ አሸዋ አልብሺው፤ ውሃውን ቀስ ብለሽ» አሉኝ። አፈሩን ነጠፍኩ፣ አሸዋውን አለበስኩ፣ ተክሉን ተከልኩ። ቀስ ማለቱን ግን የት አውቄው! ባልዲውን ከላይ ገለበጥኩት፤ አሸዋው ተቦርቡሮ ውሃው ሽሮ መሰለ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልክድም። ዳይሬክተሩ ደግሞ በዚያችው ሰዓት ከተፍ አሉ።

«ይሄ የዓሣ ቤት ነው የሽሮ ድስት? አሁኑኑ ድፉት!»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ቲቸር ታረቀኝ መሬት መሬት አዩ። እኔ ሁሉም እስኪወጣ ጠበቅሁና በሩን ቆለፍኩ።

«ቁልፉን አምጪ!» አሉኝ ዳይሬክተሩ።

«ውሃው ይጥራና እሰጥዎታለሁ።»

«ሳምንት እንዳላይሽ! ወላጅ ይዘሽ ነይ!»

ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬ ወደ ቤቴ። እናቴ የተቀቀለ አንጮቴ አቀረበችልኝና «ስጪያቸውና ተገላገይ» ብላ ለመነችኝ። አንጮቴውን በላሁ፣ ቁልፉን አልሰጠሁም። በሩን እንዳይሰብሩት የመንግሥት ንብረት ሆነባቸው። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም፤ ተክሉ በስብሶ ቢጠብቀኝስ እያልኩ።

በሳምንቱ ከእናቴ ጋር ሄድኩ፤ ዳይሬክተሩም ቲቸር ታረቀኝም ቆመው በሩን ከፈትኩ። ውሃው ጥርት ብሏል። ከሣጥኑ ወዲያ ያለው ግድግዳ ይታያል፤ ተክሉም ጥፍር የምታህል አዲስ ቅጠል አውጥቷል። እናቴ ሣጥኑን ዞራ አየችና «ይሄ ነው ጥፋቷ?» አለች።

ዓሣ አስገባን፤ አንድም አልሞተም። ግንቦት ላይ እንግዶች ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ መጡ፤ ሣጥኑ በአረንጓዴ ተሞልቶ ሁሉም ከበበው። ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «አፈሩን በልዩ ጥረት ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣነው» አሉ።

ደሜ ፈላ። ከኋላ ሆኜ «ውሸት ነው! ከቡርቃ ጃቶ ነው! የምስጥ ኩይሳ ነው፣ እኔ ነኝ የተሸከምኩት!» ብዬ ጮህኩ።

እንግዶቹ ሳቁ። ዳይሬክተሩ አልሳቁም። በማግስቱ ስሜ ከክበቡ ተሠረዘ፣ ቁልፉም ለሌላ ልጅ ተሰጠ። ትምህርቴን እስክጨርስ ዓሣዎቼን የማየው ከውጭ፣ በመስኮት ነበር። አልቅሻለሁ፣ ምን እደብቃለሁ። ይቅርታ ጠይቂ ሲሉኝ ግን አልጠየቅኩም።

ይህን ሁሉ ለሲፈን ነገርኳት። ፌስታሏን እያሻሸች «አዳዳ፣ ያን ቀን ዝም ብትዪ ኖሮስ?» አለችኝ።

«ዓሣዎቹ ከኔ ጋር ይሆኑ ነበራ» አልኳት። «አፈሩ ግን የአዲስ አበባ ሆኖ ይቀር ነበር።»

ከዚያ ዶማዬን አንስቼ ኩይሳ ፍለጋ ወጣሁ። እሷም ፌስታሏን ወንበሩ ላይ ትታ ተከተለችኝ።